ልጃችሁ በግቢ ውስጥ ሮቦት ሲሠራ

ውድ ወላጆች፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከሥራ ደክማችሁ ወደ ቤት ስትገቡ፣ ግቢያችሁ ውስጥ አንድ የተጣለ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ሁለት ባትሪ፣ የዛገ የሣር ማጨጃና የተጠቀለለ ሽቦ ተዘርግቶ ብታገኙ፣ በመካከሉም የ16 ዓመት ልጃችሁ እጁ በግራሶ ጠቁሮ ተቀምጦ ቢጠብቃችሁ፣ ከአፋችሁ የሚወጣው የመጀመሪያው ቃል ምን ይሆናል?

እኔ ያልኩትን ልንገራችሁ። «ይህን ቆሻሻ ነገ ጠዋት እዚህ እንዳላየው!» ነው ያልኩት።

ልጄ አልተቆጣም። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በዕብራይስጥ እየቀላቀለ፣ «አባ፣ ይሄ እኮ ቆሻሻ አይደለም። ሣሩን የሚያጭድ ሮቦት ነው የምሠራው። ወገብህን አሞህ የለ?» አለኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ክረምትና አንድ በጋ አልፏል። ማሽኑ ዛሬ ይሠራል። እዚህ እስኪደርስ ግን አንድ ቀን ሰው ሊጎዳብን ነበር። እኔም ለልጄ ለዓመታት ደብቄው የኖርኩት አንድ ነገር ወጣ። ሁለቱንም ልነግራችሁ ነው ብዕር ያነሣሁት። በየቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ሊኖር ይችላልና፤ እናንተም እንደ እኔ «ይህ የእነሱ ዓለም ነው፣ እኔ ምን አውቃለሁ» ብላችሁ ዳር ቆማችሁ ይሆናል።

ግቢውና ሰርዶው

የምንኖረው ሬሖቮት፣ ሻዓራይም ሰፈር ነው። የከተማዋን ስም ከኦሪት ዘፍጥረት ታውቁታላችሁ፤ አባታችን ይስሐቅ እረኞች ሳይጣሉበት የቆፈረውን ጕድጓድ «ርኆቦት» ብሎ ሰየመው። የዛሬዋ ሬሖቮት በ1890 ስትመሠረት ስሟን የወሰደችው ከዚያ ነው። ሻዓራይም ደግሞ «ሁለት በሮች» ማለት ነው። ሰፈሩን ከመቶ ዓመት በፊት ያቀኑት ከየመን የመጡ አይሁድ ናቸው። ዛሬ በየቦታው ፎቅ ቢበቅልም፣ እዚህም እዚያም ምድር ቤት ብቻ ያለው አሮጌ ቤት ከነግቢው ይገኛል። እኛ የተከራየነው ከእነዚህ አንዱን ነው።

ግቢ ያለው ሰው ደስታውንም ጣጣውንም ያውቀዋል። ክረምት ዝናቡ ሲጥል ኩቤዛውና እሾሁ ጉልበት ድረስ ይደርሳል። በጋ ሲገባ ያ ሁሉ ይደርቃል፤ አንዲት የሲጋራ ቁራጭ ብትወድቅበት እሳት ነው፣ እባብም ይደበቅበታል። ከሁሉ የባሰው በዕብራይስጥ «ያብሊት» የሚባለው ሣር ነው። እንግዳ ሣር እንዳይመስላችሁ፤ በአገራችን እርሻ ዳር የምናውቀው ያው ሰርዶ ነው። ግንዱ በመሬት ላይም በመሬት ውስጥም እየሄደ ከየአንጓው ሥር ይሰዳል፤ ብታጭዱት ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ በየጊዜው ማጨድ ግድ ነው።

ለዓመታት ይህን የምሠራው እኔ ነበርኩ። መሃሉን በሚገፋ የቤንዚን ማጨጃ፣ ጥጋ ጥጉን በማጭድ። አንድ ቀን ግን ወገቤ እምቢ አለ። ልጄ ያንን አይቶ ነው ነገሩን የጀመረው፤ ይህን የገባኝ ግን ዘግይቼ ነው።

«እንዲህ ያለ ማሽን በሱቅ የለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። አለ እንጂ! እንዲያውም በዓለም ከታወቁት ሮቦት ማጨጃዎች አንዱ፣ ሮቦሞው የሚባለው፣ የተፈጠረው እዚሁ እስራኤል ነው። ፍሬንድሊ ሮቦቲክስ የተባለውን ኩባንያ ኡዲ ፔሌስና ሻይ አብራምሶን በ1995 መሠረቱት፤ በ2017 ደግሞ ኤም ቲ ዲ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ገዛው። አሠራሩ እንዲህ ነው። በሣሩ ዳር ዙሪያውን ቀጭን ሽቦ ይዘረጋል፤ በሽቦው ደካማ ኤሌክትሪክ ያልፍበታል። ማሽኑ ያንን እየተሰማው ከወሰኑ ሳይወጣ ይመላለሳል። ሰው ብድግ ካደረገው ምላጩ ይቆማል።

ይሁን እንጂ እነዚህ ማሽኖች የሚሠሩት ለተስተካከለ፣ ለለሰለሰ የሣር መስክ ነው። የእኛ ግቢ ድንጋይ አለው፣ እሾህ አለው፣ ወደ አጥሩ ደግሞ ያዘቀዝቃል። ዋጋቸውም በሺሕ የሚቆጠር ሼቄል ነው። ለዚህ ነው ልጄ ዓይኑን ወደ ተጣለ ብረት ያዞረው።

ሁለት በሬና ሁለት ሞተር

መጀመሪያ «ሮቦት» የሚለው ቃል አያስፈራችሁ። ቃሉ የተወለደው በ1920 ነው፤ ካሬል ቻፔክ የተባለ የቼክ ደራሲ በጻፈው ቴአትር ውስጥ። በቼክ ቋንቋ «ሮቦታ» ማለት ገባር ለጌታው በግድ የሚሠራው ሥራ ነው። ወላጆቻችን የሚያውቁት ነገር ነው ማለት ነው።

ልጄ የሠራው ደግሞ በራሱ የሚያስብ ማሽን አይደለም። ሰው ከሩቅ ሆኖ በሪሞት የሚነዳው ነው። ይህም አዲስ ነገር አይደለም። ኒኮላ ቴስላ በ1898 ኒው ዮርክ ውስጥ አንዲት ትንሽ ጀልባ ያለ ሽቦ፣ ከሩቅ ሆኖ ሲነዳ ለሕዝብ አሳይቷል። የሣር ማጨጃን እንዲህ መንዳትም በዓለም ብዙ ሰው በቤቱ የሞከረው ነው። ጆን-ዴቪድ ዋረን የተባለ አሜሪካዊ ከተሽከርካሪ ወንበር ሞተሮችና ከተራ የቤንዚን ማጨጃ አንድ ሠርቶ፣ አሠራሩን በ2010 «ሜክ» በተባለ መጽሔት ላይ አወጣው፤ በ2011 ደግሞ ከሁለት ሰዎች ጋር ሆኖ ስለዚህ ዓይነት ሥራ መጽሐፍ ጻፈ። ልጄም የተከተለው ይህንኑ መንገድ ነው።

ማሽኑን በአራት ነገር ልክፈልላችሁ።

እግሩ የተሽከርካሪ ወንበሩ ሞተሮች ናቸው። ወንበሩ ለእያንዳንዱ የኋላ ጎማ የየራሱ ሞተር አለው። ሞተሩ ውስጥ ባለው ጥርስ ምክንያት ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው፤ ግን ጉልበተኛ ነው፤ ከባድ ሰው ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ነውና። እንዲህ ያለ ወንበር ሲያረጅ ይጣላል፤ ልጄ ያገኘው በሰፈራችን «አልቴ ዛኽን! አልቴ ዛኽን!» እያለ ከሚዞረው መኪና ነው።

ምግቡ ባትሪ ነው። ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች አንዱ ከሌላው ጋር ሲቀጣጠሉ 24 ቮልት ይሆናሉ። እያንዳንዳቸው ከ10 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። ይህን ክብደት አስታውሱት፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

አእምሮው መዳፍ የማትሞላ ካርድ ናት፤ አርዱይኖ ትባላለች። በ2005 ኢቭሬያ በምትባል የጣሊያን ከተማ፣ ተማሪዎች በቀላሉ እንዲማሩባት ተብላ ነው የተሠራችው። እሷ ግን ጉልበት የላትም። ትእዛዟን ተቀብሎ ከባዱን ኤሌክትሪክ ለሞተሩ የሚያሳልፍ ሌላ ወፍራም ካርድ አለ። አንዷ ጭንቅላት፣ ሌላው ክንድ ናቸው።

ጆሮው ከሪሞቱ የሚመጣውን የሚቀበለው ትንሽ ሳጥን ነው። ሪሞቱ የተለመደው ዓይነት ከሆነ በሰኮንድ 50 ጊዜ ያህል ለካርዱ ምልክት ይደርሰዋል። የምልክቱ ርዝመት ከሰኮንድ አንድ ሺሕኛ እስከ ሁለት ሺሕኛ ነው። አጭር ሲሆን «ወደ ኋላ»፣ ረጅም ሲሆን «ወደ ፊት»፣ መካከለኛ ሲሆን «ቁም» ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ልጄ ሲያስረዳኝ መጀመሪያ አልገባኝም። እሱ አማርኛው ያጥረዋል፣ እኔ ዕብራይስጡ ያጥረኛል። መሪ የለውም፣ ታዲያ እንዴት ይዞራል? አልኩት። ቀኝና ግራ ጎማውን በጣቱ እያሳየ ሲለፋ፣ ድንገት በሬ ትዝ አለኝ። በቀንበር የተጠመዱ ሁለት በሬዎች ትልሙ ጫፍ ሲደርሱ ምን ታደርጋላችሁ? አንዱን ታዘገያላችሁ፣ ሌላውን ትነዳላችሁ፤ ሞፈሩ ይዞራል። ማሽኑም ያው ነው። የቀኙ ሲሄድና የግራው ሲቆም ወደ ግራ ይዞራል። አንዱ ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ ሲሄድ ግን እዚያው በቆመበት ይሽከረከራል፤ ይህን እንኳ በሬ አይችለውም።

ልጄ ጥማድ በሬ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። እኔ ግን እርፍ ይዤ የማውቀውን በእጄ ሳሳየው ወዲያው ገባው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ማሽኑ የተነጋገርነው ያን ቀን ነው።

ማሽኑ የሸሸ ቀን

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። እባካችሁ ይህን ክፍል በደንብ አንብቡት።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር። ልጄ የማጨጃውን ሞተር አስነሥቶ፣ ሪሞቱን ይዞ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሣር ሊያጭድ ነው። እኔ በር ላይ ቆሜ እያየሁ ነው፤ ደስም ብሎኛል። ማሽኑ ቀጥ ብሎ ሄደ። አጥሩ ጋ ሲደርስ እንዲዞር ቢነካው አልዞረም። እንዲቆም ቢያዘው አልቆመም። የሪሞቱ ባትሪ አልቆ ነበር፤ ማሽኑ ግን የመጨረሻውን ትእዛዝ፣ «ወደ ፊት» የሚለውን ይዞ ቀረ።

አጥሩን ገጨው። ጎማዎቹ እየተሽከረከሩ፣ ምላጩ እየዞረ እዚያው ተንጋደደ። ምላጩ የመታው ድንጋይ በአጥሩ በላይ አልፎ የጎረቤታችንን ግድግዳ መታ። ጎረቤታችን የየመን ተወላጅ የሆኑ ትልቅ ሴት ናቸው። ያን ጊዜ ከግድግዳው ጥቂት ርቀው ልብስ እያሰጡ ነበር። ልጄ ሮጦ የባትሪውን ሽቦ ነቀለ፤ የማጨጃውም ሞተር በመጨረሻ ጠፋ። ማንም አልተጎዳም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

እኔ ጮኽኩ። ያልተናገርኩት የለም። ሴትዮዋ ግን በአጥሩ ላይ ብቅ አሉና በእርጋታ፣ «ይሄ ነገር ፍሬን የለውም እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

ከእኔ ጩኸት ይልቅ የእሳቸው ጥያቄ ነው የጠቀመን። ልጄን «ፍሬን እስኪኖረው ይህ ማሽን አይነሣም» አልኩት። ሁለት ሳምንት ሠርቶ የለወጠውን በወረቀት ጽፎ አመጣልኝ። እናንተም ልጃችሁ እንዲህ ያለ ነገር ከጀመረ፣ ኤሌክትሮኒክስ ማወቅ ሳያስፈልጋችሁ፣ እነዚህን በዓይናችሁ ልታረጋግጡ ትችላላችሁ።

1. ማሽኑን ጎማው መሬት እንዳይነካ ድንጋይ ላይ አስቀምጡት፤ ምላጩ አይዙር። ጎማው ሲዞር ሪሞቱን አጥፉት። ጎማው ወዲያው መቆም አለበት። ካልቆመ ሥራው አላለቀም። ማሽኑ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ በ3 ሰኮንድ ውስጥ 5 ሜትር ይጓዛል፤ ለመሮጥ ጊዜ የለም።

2. ጎማው ብቻ ሳይሆን ምላጩም ከሩቅ መጥፋት አለበት። የቤንዚን ሞተር ከሆነ የካንዴላውን ብልጭታ የሚያቋርጥ ማጥፊያ ይገጠምለታል። በአሜሪካ ለቤት የሚሸጥ፣ ሰው የሚገፋው ማጨጃ፣ እጀታው ሲለቀቅ ምላጩ በ3 ሰኮንድ ውስጥ እንዲቆም ሕግ ያስገድዳል። በቤት የተሠራውን የሚመረምረው ግን ከእናንተ በቀር ሰው የለም።

3. ማሽኑ ላይ ከሩቅ የሚታይ፣ አንዴ ሲመታ ጎማውንም ምላጩንም የሚያቆም ትልቅ ቀይ ቁልፍ ይኑረው።

4. ባትሪው አጠገብ ፊውዝ ይኑር። ጎማው ሲያዝ ሞተሩ ከተለመደው በብዙ እጥፍ ኤሌክትሪክ ይጠጣል፤ ፊውዝ ከሌለ ሽቦው ይግላል፣ ይቃጠላል። ባትሪው ቻርጅ የሚደረገውም አየር በሚገባበት ቦታ ነው፤ የእርሳስ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ የሚወጣው ጋዝ በእሳት ብልጭታ ይፈነዳል። መኝታ ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይሆንም።

5. ምላጩ ወልቆ ለብዙ ቀን ይነዳ። ልጁ ማሽኑን እንደ እጁ እስኪያውቀው ድረስ ምላጭ አይገጠም።

6. ከማጨድ በፊት ድንጋዩ ይለቀም። ርዝመቱ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ምላጭ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር ጫፉ በሰዓት ከ280 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል። ጠጠር ቢመታ ጥይት በሉት። ሕፃናት ቤት ይግቡ፣ ጎረቤት ይነገረው፣ የሚነዳው ልጅ መነጽርና ሽፍን ጫማ ያድርግ።

7. የካንዴላው ክዳን ሳይነቀል ማንም እጁን ከማጨጃው ሥር አያስገባ። «ጠፍቷል እኮ» የሚለውን አትቀበሉ።

አደጋ ከደረሰ ለአምቡላንስ 101፣ ለእሳት አደጋ 102 ነው።

የታጠፈው ብረት

ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ሌላ ችግር መጣ። ጎማውን ከማሽኑ አካል ጋር የሚያያዘው ብረት ታጠፈ። ልጄ ሌላ ገዝቶ ገጠመ፤ ያም ታጠፈ። ሦስተኛው ሲታጠፍ ካቻቪቴውን ወርውሮ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። «አይሆንም፣ እጥለዋለሁ» አለ።

ጠጋ ብዬ አየሁት። ነገሩን ለማወቅ አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ጠፍጣፋውን ብረት አስተኝቶት ነበር። የተኛ ብረት በክብደት ይታጠፋል፤ ያው ብረት በጠርዙ ሲቆም ግን አይበገርም። ሁለቱን ባትሪ ደግሞ ከኋላ ጫፍ ላይ ጭኗቸዋል። ያን ሁሉ ኪሎ ኋላ ላይ ስታስቀምጡ ዳገት ሲወጣ ፊቱ ይነሣል፤ አህያ ላይ ጭነት ወደ ኋላ ሲያዘነብል እንደሚሆነው ማለት ነው። «ባትሪዎቹን ወደ መሃል፣ ወደ ታች አውርዳቸው። ብረቱን በማዕዘን እናጥፈው፤ በብርዱ አትቀጥቅጠው፣ ይሰነጠቃል። አግለው» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «አባ፣ ይሄን የት ተማርክ?» አለኝ።

ውድ ወላጆች፣ እዚህ ላይ ነው እውነቱን የምነግራችሁ። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። ከጎንደር ወጣ ባለች መንደር፣ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ወናፍ እየነፋሁለት ነው ያደግሁት። ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ ይሠራ ነበር። ገበሬው ማረሻው ሲዶለዱም ይዞልን ይመጣል፤ አባቴ አግሎ፣ በመስፉ ላይ አድርጎ ይስልለታል። ያው ገበሬ ሲመሽ ልጁን «ከነሱ ቤት አጠገብ አትሂድ» ይለዋል። ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ «ቡዳ» የሚለውን ቃል ያልሰማ ከመካከላችን ማን አለ?

በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ወደዚህ ስመጣ፣ ጸሐፊዋ «በአገርህ ሙያህ ምን ነበር?» ስትለኝ «ገበሬ» አልኩ። ውሸት አልነበረም፤ አርሰናልም። ወናፉንና መዶሻውን ግን ዋጥኩት። ለልጆቼም አልነገርኩም። የተሰደብንበትን ነገር ለምን አወርሳቸዋለሁ? ብዬ ነበር።

ያን ምሽት ደረጃው ላይ ተቀምጠን ሁሉንም ነገርኩት። ወገኖቻችን ለምን ወደዚህ ሙያ እንደገቡም ነገርኩት። በአባቶቻችን ዘንድ የሚነገረው፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ይስሐቅ ሃይማኖቱን ያልቀየረ ርስት አይኑረው ብለው እንደ ፈረዱ ነው። ርስት የሌለው ሰው በእጁ ይኖራል። ወንዶቹ ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸማ ሸመኑ፤ ሴቶቹ ሸክላ ሠሩ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር ላይ ግንብ ሲገነባም ከግንበኞቹና ከአናጢዎቹ መካከል የእኛ ሰዎች ነበሩበት። የሰደቡን ሰዎች እንጀራ የሚበሉት አባቴ በሳለው ማረሻ ነበር።

ልጄ ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ታዲያ ለምን ደበቅከኝ?» አለ። መልስ አልነበረኝም።

በማግስቱ ለጎረቤታችን ሴትዮ ይህንኑ ነገርኳቸው። የእሳቸውም አያት በየመን ብር ሠሪ ኖረዋል። እዚያም አገር የብር አንጥረኛነቱን ሥራ በብዛት የያዙት አይሁድ ነበሩ። «እኛ እኮ ይህን እንኮራበታለን፤ የአያቴን ሥራ ሳጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ» አሉኝ። አመጡና አሳዩን፤ በክር የቀጠነ የብር ሥራ ነው። እኔ ከአባቴ እጅ አንድ ማጭድ እንኳ አላመጣሁም።

ብረቱን አብረን ሠራነው። እኔ በጠመኔ ምልክት አደረግሁ፣ እሱ በብረት መጋዝ ቆረጠ፤ አግለን በማዕዘን አጠፍነው። ብየዳውን ሙያው ላለው ሰው ሰጠነው፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ፣ በደንብ ያልተበየደ ብረት ከአካሉ ጋር ተለያይቶ ይሄዳል። አጥሩን ሲገጭ የተጣመመውን ምላጭ ግን አልነካሁትም። ልጄ «ይህንንም አቅናው» ብሎኝ ነበር። ምላጭ በፋብሪካ ተጠንክሮ የተሠራ ነው፤ በእሳት ብታግሉት ጥንካሬው ይለቀዋል፣ በመዶሻ ብትመቱት የማይታይ ስንጥቅ ይይዛል። አዲስ ገዛን። ሲዶለዱም ሁለቱንም ጫፍ እኩል ሞርደን፣ መሃሉን ምስማር ላይ አንጠልጥለን እናየዋለን። ወደ አንዱ ወገን ካዘነበለ ያኛው ወገን ገና መሞረድ አለበት፤ ሚዛኑን ያልጠበቀ ምላጭ ሲዞር ማሽኑን ያንቀጠቅጠዋል።

የእኛ ድርሻ

ከዚህ ሁሉ የተማርኩትን ልጠቅልልላችሁ። እንዲህ ያለ ማሽን ግማሹ ኮምፒውተር ነው፤ ያንን ልጆቻችን ከእኛ በላይ ያውቃሉ። ሌላው ግማሽ ግን ብረት፣ ክብደት፣ ዳገት፣ አፈርና ድንጋይ ነው። እሱን እናንተ ታውቁታላችሁ። በኮምፒውተር ፊት አድጎ መዶሻ ያልያዘ ልጅ፣ ጎማው ለምን እንደሚሰምጥ፣ ጭነቱ ለምን እንደሚያጋድል አያውቅም። እናንተ ዝም ካላችሁ ማን ይንገረው?

ስለዚህ አጠገቡ ተቀመጡ። ባይገባችሁም ተቀመጡ። «ይህ ምንድን ነው? ምን ይሠራል? ሲበላሽ ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ። ለእናንተ በአማርኛ ለማስረዳት ሲለፋ ራሱም ይበልጥ ይገባዋል፤ አማርኛውም ይሻሻላል።

ገንዘቡን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። አሮጌ ብረት በርካሽ ይገኛል፤ ለፊውዝ፣ ለጥሩ ሽቦና ለማጥፊያ ቁልፍ ግን አትሰስቱ። ማሽኑ የሚነሣበትንም ሰዓት ወስኑ። በሰንበት አይነሣም። ጎረቤት ከሰዓት በኋላ ጋደም በሚልበት ሰዓትም አይነሣ።

ልጁ ከግቢ ያለፈ ፍላጎት ካለው ብቻውን አይቅር። ማትናስ ሄዳችሁ የሮቦቲካ ሁግ እንዳለ ጠይቁ፣ በትምህርት ቤቱም ቡድን እንዳለ ጠይቁ። ዲን ኬመን የተባለ አሜሪካዊ ፈጣሪ በ1989 ያቋቋመው «ፈርስት» የተባለ ድርጅት ተማሪዎች በቡድን ሮቦት ሠርተው እንዲወዳደሩ ያደርጋል፤ በእስራኤልም ከ2005 ጀምሮ ውድድሩ አለ። የሬሖቮት ሰዎች ደግሞ እዚሁ በከተማችን የዋይዝማን ተቋም የትምህርት ክንድ የሆነው ዴቪድሰን ተቋም ለወጣቶች የሳይንስ ትምህርት እንደሚሰጥ እወቁ። እነዚህ ቦታዎች ለሌላ ሰው ልጆች ብቻ የተሠሩ አይደሉም።

ከሁሉ በላይ ሙያችሁን ንገሯቸው። እናቶች፣ ሸክላ ስትሠሩ የትኛው አፈር ከእሳት እንደሚተርፍ በእጃችሁ ታውቁ ነበር። ሸማኔ የነበራችሁ፣ ጥለት ለማውጣት ክር እየቆጠራችሁ ነበር የምትሠሩት። ይህ ዕውቀት ነው። የተሰደባችሁበትን ነገር እንደ ነውር ሸፍናችሁ ካስቀመጣችሁት፣ ልጃችሁ እጁ ከየት እንደመጣ ሳያውቅ ያድጋል።

የእኛ ማሽን አሁን የግቢውን መሃል በግማሽ ሰዓት ያጭደዋል። ሎሚ ዛፉ ሥርና አጥሩ ጥግ አይገባም፤ ያንን ልጄ በማጭድ ነው የሚያጭደው። አያያዙ ገና ነው፤ ሣሩን ይቆርጣል ሳይሆን ይነጫል። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ «ዝቅ አድርገው፣ ወደ ራስህ ሳበው» እለዋለሁ። እሱም ያጉረመርማል።

በዚህ ሳምንት ልጃችሁ የሚሠራውን ነገር፣ ምንም ይሁን ምን፣ ሄዳችሁ እዩለት። መጀመሪያ «ይህ የሚጠፋው በየት በኩል ነው?» በሉት። ካሳያችሁ በኋላ ቁጭ በሉና እናንተም በእጃችሁ ምን ትሠሩ እንደነበር ንገሩት።

ሰላም ሁኑ።